«የጥጋብ ለቅሶ» አይደለም፦ ስለ «ሬቮሉሽነሪ ሮድ» ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚሁ ድሬዳዋ የሚኖሩ አንድ ጸሐፊ ስለ «ሬቮሉሽነሪ ሮድ» ፊልም የጻፉት ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ለእኔም ደረሰኝ። ብዕራቸው ጥሩ ነው። ሐሳባቸው ግን አልተዋጠልኝም። ጽሑፉ ስለ አንድ የአሜሪካ ፊልም የሚያወራ መስሎ እግረ መንገዱን በእኛ ትዳር፣ በእኛ ሚስቶችና በእኛ ሽማግሌዎች ላይ ፍርድ ይሰጣል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፊልሙን ላላዩት ባጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የሳም ሜንዴስ ሥራ ነው። ሪቻርድ ዬትስ እ.ኤ.አ. በ1961 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው የተሠራው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1955 ኮኔቲከት ውስጥ፣ ከኒውዮርክ ወጣ ባለ ጸጥተኛ ሰፈር ይካሄዳል። ፍራንክና ኤፕሪል ዊለር ሁለት ልጆች፣ ነጭ ቤትና ሣር የለበሰ ግቢ አላቸው። እሱ ጠዋት ጠዋት በባቡር ከተማ ገብቶ የቢሮ ማሽን በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ይውላል። እሷ ተዋናይ ልትሆን ተምራ ነበር፤ አሁን የቤት እመቤት ናት። አንድ ቀን «ሁሉንም ሸጠን ፓሪስ እንሂድ» ትለዋለች። ይስማማል። ከዚያ እሱ እድገት ይመጣለታል፣ እሷ ሦስተኛ ልጅ ታረግዛለች፣ እሱም ሐሳቡን ይቀይራል። በመጨረሻ ኤፕሪል ቤት ውስጥ ብቻዋን ፅንሱን ለማስወረድ ትሞክራለች፤ ደም ፈሷትም ትሞታለች። መጨረሻውን መናገሬ ግድ ነው፤ ያለሱ ክርክሩ አይገባም።

የጸሐፊው ሐሳብ ሲሰበሰብ ይህን ይመስላል። ፊልሙ «የጥጋብ ለቅሶ» ነው፣ እኛን አይመለከትም። ያለፈ ወጣትነትን መናፈቅ ልጅነት ነው። የፓሪሱ ጉዳይ «የምርቃና ዕቅድ» ነው። ቤቱን ያፈረሰችው ሚስቲቱ ናት። ሽማግሌ ቢኖራቸው ኖሮ ይድኑ ነበር። አዲስ ተጋቢዎች ፊልሙን እንዳያዩ ይመክራሉ። በዚያ ላይ ፊልሙ ይሰለቻል ይላሉ።

ቶሎ ስለሚያልቅ ከመጨረሻው ልነሳ። ይሰለቻል ያሉት ታይታኒክን ጠብቀው ስለተቀመጡ ይመስለኛል። አይፈረድባቸውም። ፍራንክንና ኤፕሪልን ሆነው የሚተውኑት ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮና ኬት ዊንስሌት እ.ኤ.አ. ከ1997ቱ ታይታኒክ ወዲህ አብረው የሠሩት በዚህ ፊልም ነው። መርከቡ ላይ የነበረችው ካቲ ቤትስ ሳትቀር እዚህም አለች። ታይታኒክን በሰፈር ቪዲዮ ቤት ተጋፍቶ ያላየ የእኛ ዕድሜ ሰው ጥቂት ነው። ግን እዚያ ሁለቱ የተዋደዱት ለጥቂት ቀናት ነው። አብረው ቁርስ መብላት፣ የቤት ወጪ መቁጠር፣ ልጅ ማስተኛት አልደረሱበትም። እዚህ የምናየው የደረሱትን ነው። የደረሱት ሰዎች ኑሮ ደግሞ በመርከብ መስጠም ፍጥነት አይሄድም።

አሁን ወደ ጥጋቡ። «ቤት አላቸው፣ መኪና አላቸው፣ ደመወዝ አላቸው፤ ምን ጎደላቸው?» ይላሉ ጸሐፊው። ጥያቄው ከተማችንን ለሚያውቅ ሰው መልስ አያጣም።

ፍራንክ የሚሠራው አባቱ በሠራበት ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራውን አይወደውም። አባቱ ዕድሜውን የጨረሰበት ቤት ተመልሶ መግባቱ ያሳፍረዋል። ይሄ ለድሬ ሰው እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ከተማችን ከተማ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ነው። ሀዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ 15 ዓመት ገደማ ወስዷል፤ በዚያ መሀል ድሬ አደገች። የከዚራ ሰፈር ያንን ቀጥ ያለ መንገድ፣ ያንን የዛፍ ጥላ፣ በረንዳ ያላቸውን ቤቶች ያገኘችው ከባቡሩ ጋር ነው። አባት ሽመንደፈር፣ ማለትም ባቡር ድርጅቱ ውስጥ፣ ከሠራ ልጁም እዚያው እንዲገባለት ይመኝ ነበር። ደመወዝ አለ። ቤት አለ። ክብር አለ። ከነዚያ ልጆች መካከል ስንቱ ሌላ ነገር መሆን ይፈልግ ነበር? ማን ጠየቃቸው? በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ የባቡሩን ጩኸት እየሰማ «እኔ የት ነው የምሄደው?» ያለ ሰው ጠግቦ ነው አይባልም። ሆድ ሲሞላ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ያም ጥያቄ እንደ ረሃብ እውነተኛ ነው።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ የዘለሉት አንድ ነገር አለ። የፍራንክ እድገት እንዴት መጣ? በትጋት አይደለም። ፓሪስ መሄዱ ከተወሰነ በኋላ፣ ልቡ ከቢሮው ስለወጣ፣ ለመቀለድ ያህል በግዴለሽነት ያስጻፈው ማስታወሻ አለቆቹን ያስደስታቸዋል። ነጻ ነኝ ብሎ ዘና ስላለ ሥራው አማረ። ሥራው ስላማረ ደግሞ መልሶ ያዘው። ምሳ ጋብዘው ሲያሞግሱት ፊቱን እዩት። ደስ ብሎታል! ሲንቀው በኖረው ድርጅት ውስጥ «አንተ እኮ ትችላለህ» ተባለ። ሰው የሚታሰረው በክፉ ነገር ብቻ አለመሆኑን ይህን ያህል አጥርቶ ያሳየኝ ፊልም አላየሁም። «የጥጋብ ለቅሶ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ይህን ሁሉ ያጣዋል።

ሁለተኛው ነገር ናፍቆቱ ነው። ጸሐፊው ወጣትነት አንዴ ሄዷል፣ ትልቅ ሰው ወደ ኋላ አያይም ባይ ናቸው። በመጀመሪያ ፍራንክ በፊልሙ ውስጥ 30 ዓመት ሲሞላው ነው የምናየው። ሠላሳ! ዕድሜ አልሄደበትም። የሄደው ሌላ ነገር ነው። የፊልሙን መክፈቻ ያስታውሱ። አንድ ግብዣ ላይ ሁለት ወጣቶች ይተያያሉ፤ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይደንሳሉ። ፊልሙ ከዚያ ዓመታትን ዘሎ ኤፕሪል የተሳተፈችበት የሰፈር ቲያትር ሲከሽፍ ያሳየናል። ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናቸውን መንገድ ዳር አቁመው ይጨቃጨቃሉ። እሱ መኪናውን በቡጢ ይመታል። በነዚህ በሁለቱ ትዕይንቶች መካከል የጠፋው የፊት መጨማደድ የሌለበት ዘመን አይደለም። አንዱ ሲናገር ሌላው ከልቡ ይሰማ የነበረበት ጊዜ ነው። ኤፕሪል የናፈቀችው ያንን ጊዜ ነው።

ከዚራ ውስጥ የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ይዘፍኑ ነበር። ያኔ መድረክ ላይ ያያቸው ሰው ዛሬም ያነሳቸዋል። ካገቡ በኋላ መድረኩ ቀረ። ባለቤታቸው ደህና ሰው ናቸው፤ አይመቱ፣ አይሳደቡ፣ ደመወዛቸውን ለቤታቸው ያመጣሉ። እኚህ እናት ቡና ሲቆሉ ያንጎራጉራሉ። ድምፃቸው አሁንም ያው ነው፣ ጎረቤት ሥራ አቁሞ ይሰማል። የባለቤታቸው ኮቴ ከግቢው በር ሲሰማ ግን ዜማውን መሀል ላይ ያቋርጡትና ቡናውን ማማሰል ይቀጥላሉ። ከልክለዋቸው አያውቁም። «ለምን ያቆማሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው «እኔንጃ፣ ልማድ ነው» አሉኝ። ልጅነት ነው ልበላቸው?

እንዲያውም አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ወንዶቻችን ከምሳ በኋላ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው፣ ጫቱን ዘርግተው፣ «ያኔ እኮ…» ሲሉ ይመሻል። ኳሱ፣ ጭፈራው፣ የባቡሩ ጉዞ፣ ጅቡቲ ወርዶ መመለሱ፣ ሁሉም ይነሳል። በርጫው ላይ ማንም «ልጅነት ነው» አይላቸውም። ጨዋታ ነው። ሴቷ ወደ ኋላ ስታይ ነው ነገሩ በሽታ የሚሆነው። የጸሐፊው ሚዛን እዚህ ጋ አጋድሏል።

በርጫ ካነሳን ወደ «ምርቃና ዕቅዱ» እንሂድ። አነጋገሩ ያስቃል፣ ግን ለኤፕሪል አይሆንም። የምርቃና ዕቅድ ምን እንደሆነ የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋብሪካ ይከፈታል፣ ማታ ሲበርድ ፋብሪካውም አብሮ ይበርዳል። ገንዘብ የለውም፣ የመነሻ ቀን የለውም፣ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው የለውም። ኤፕሪል ግን አስልታለች። ቤቱ ስንት ያወጣል፣ መኪናው ስንት ያወጣል፣ ቁጠባው ሲደመር ስንት ወር ያኖራል ብላ ቆጥራለች። አውሮፓ ባሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጸሐፊ ሆና እሷ ትሠራለች፤ እሱ ምን መሆን እንደሚፈልግ እስኪያውቅ ያስባል፣ ያነባል። ለጎረቤት ተናገሩ፤ ለሥራ ባልደረባ ተናገሩ። ይህ ዕቅድ ነው።

ዕቅዱ እንከን የለውም አልልም። አንድ ቀዳዳ አለው፤ ጸሐፊው አላዩትም እንጂ ቢያዩት የተሻለ ክርክር ይወጣቸው ነበር። ፍራንክ ፓሪስ ገብቶ ምንም ነገር ባይሆንስ? እዚህ እያለ «ይሄ ሥራ ነው ያፈነኝ» ማለት ይችላል። እዚያ ሰበብ የለም። ኤፕሪል በእሱ ላይ ያላት እምነት እሱ በራሱ ላይ ካለው እምነት ይበልጣል። ፍራንክን ያስደነገጠው ይህ ነው። እድገቱም እርግዝናውም ከመምጣታቸው በፊት ፍርሃቱ ዓይኑ ውስጥ ይታያል።

ወደ ከባዱ ነጥብ ደረስን። «ራስ ወዳድ ሚስት ቤቷን አፈረሰች» ይላል ጽሑፉ። ይህ አረፍተ ነገር አናዶኛል፣ አልደብቅም።

መቼም ኤፕሪል መልአክ አይደለችም። ከጎረቤታቸው ከሼፕ ጋር መኪና ውስጥ ያደረገችው ጥፋት ነው። ግን ፍራንክ በሠላሳኛ ዓመት ልደቱ ቀን ከቢሮ ጸሐፊዋ ጋር ውሎ ነው ቤት የገባው። ሚስቱና ልጆቹ ኬክ ይዘው ጠበቁት። የፓሪሱንም ነገር የነገረችው በዚያው ምሽት ነው። ጽሑፉ የእሷን ጥፋት ሙሉ አንቀጽ ሰጥቶ የእሱን በግማሽ መስመር አልፎታል። ለምን?

ዋናው ጉዳይ ግን ይህ አይደለም። ፍራንክ ሚስቱን ፊት ለፊት አይቶ «ፈርቻለሁ፣ መሄድ አልፈልግም» አላላትም። ቢላት ኖሮ ምናልባት ትጮህ ነበር፣ ምናልባት ትታው ትሄድ ነበር፣ ግን እውነት በመካከላቸው ይኖር ነበር። እሱ ግን ምክንያት ደረደረ። አንዴ ገንዘቡ፣ አንዴ እርግዝናው፣ አንዴ «እዚህም ደስተኛ መሆን እንችላለን»። ሲያልቅበት ደግሞ ችግሩን ወደ እሷ አዞረው፤ ጤነኛ እንዳልሆነች፣ ሐኪም ማየት እንዳለባት ነገራት። ይህን ዘዴ በየቤታችን እናውቀዋለን። ሴት «አልተመቸኝም» ስትል «ምን ነካሽ?» ይባላል። ከዚያ ጸበል ወይም ሸኽ ቤት ትላካለች። የተናገረችውን ነገር የሚመልስላት ሰው አይኖርም።

የፅንሱንም ነገር ጸሐፊው «ነፍሰ ገዳይ» በሚል ቃል ዘግተውታል። ስለ ጉዳዩ ያላቸውን እምነት አከብራለሁ። ግን ፊልሙ የትና መቼ እንደሚካሄድ ማስታወስ ይገባል። በ1955 ኮኔቲከት ውስጥ ፅንስ ማቋረጥ ወንጀል ነበር። ባልና ሚስት እንኳ የእርግዝና መከላከያ እንዳይጠቀሙ የሚከለክል ሕግ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ኤፕሪል ሐኪም ጋ መሄድ አትችልም። ባሏ ጋ መሄድ አልቻለችም። ጎረቤት ጋ ብትሄድ ወሬ ነው። የኛም የወንጀል ሕግ በ1997 ዓ.ም. ሲሻሻል ለአንዳንድ ሁኔታዎች በር የከፈተው በየጓዳው ተደብቀው የሚሞቱ ሴቶች ስለበዙ ነው። ያንን ጓዳ ያየ ሰው ለኤፕሪል ያን ቃል ለመጠቀም አይቸኩልም።

የመጨረሻውን ቁርስ ደግማችሁ እዩት። ማታ በጣም ተጣልተዋል፣ ሊባል የማይገባው ሁሉ ተባብለዋል። ጠዋት ፍራንክ ወደ ወጥ ቤት ሲገባ ኤፕሪል ጸጉሯን አበጥራ፣ ሽርጥ አስራ ቁርስ ታቀርባለች። እንቁላሉን እንዴት እንደሚፈልገው ትጠይቀዋለች። ስለ አዲሱ ሥራው ትጠይቀዋለች። እሱ መጀመሪያ ይጠራጠራል፤ ከዚያ ስለ ኮምፒውተሮቹ እየሳለ ያስረዳታል። እሷ ጎንበስ ብላ ታያለች፣ ታዳምጣለች። ለእሱ ይህ እርቅ ነው። ጥሩ ቁርስ እንደነበር ነግሯት ይወጣል። ከሄደ በኋላ ነው ፊቷ የሚወድቀው። ያን ሁሉ ጊዜ መድረክ ላይ ያልተሳካላትን ትወና በዚያች ወጥ ቤት ውስጥ ፍጹም አድርጋ ተወነችው። እሱ ተመልካቹ ነበር፣ ትወና መሆኑንም አላወቀም። እዚህ ላይ ራስ ወዳድነት የታያቸው ጸሐፊ ከየትኛው አቅጣጫ እንዳዩት አልገባኝም።

ስለ ሽማግሌ። ጸሐፊው እኛ ሽማግሌ አለን፣ እድር አለን፣ ጎረቤት አለን፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ አይደርስም ይላሉ። ሽማግሌ ስንቱን ቤት እንዳዳነ አውቃለሁ። የውርስ ጠብ፣ የዱላ ጠብ፣ የመጠጥ ጠብ ሲሆን ሽማግሌ የሚያህል የለም። ግን የሚጠይቁትን አስቡ። «ይመታሻል?» አይመታኝም። «ይሰክራል?» እሱም ያን ያህል አይደለም። «አስቤዛ ይከለክልሻል?» አይከለክለኝም። «ታዲያ ምን ጎደለሽ ልጄ? በይ ታገሺ፣ ለልጆችሽ ስትይ።» ኤፕሪልን እዚህ ሽማግሌ ፊት ብናስቀምጣት ከዚህ ውጭ ምን ትባል ነበር? የጸሐፊው የራሳቸው ጥያቄም «ምን ጎደላቸው?» ነው እኮ። መርቀው ወደዚያው ቤት ይመልሷት ነበር።

ሕጉም ይህን ገና ድሮ ተረድቶታል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ በቤተ ዘመድ ዳኞች በኩል ነበር የሚያልፈው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ባልና ሚስት ተስማምተው መለያየት እንዲችሉም ፈቀደ። ሽማግሌ ማስታረቁን አልከለከለም። መልሱን ግን ለባልና ሚስቱ ተወላቸው።

ፊልሙ ውስጥ የሚጠይቅ ሰው የለም ማለትም ትክክል አይደለም። አንድ አለ። ቤቱን የሸጠችላቸው የወይዘሮ ጊቪንግስ ልጅ፣ ጆን፣ የሒሳብ ሊቅ የነበረ፣ አሁን ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እየተፈቀደለት ለጉብኝት የሚወጣ። ማይክል ሻነን በዚህ ሚና ለኦስካር ታጭቷል፣ ሲያንሰው ነው። ጸሐፊው «እውነት የሚናገረው እብድ ብቻ የሆነበት ፊልም ምን ሊያስተምረን ነው?» ብለው ይሳለቃሉ። ጆን ምን አደረገ? ለምን እንደማይሄዱ ጠየቀ። እርግዝናው ነው ሲሉት አልተቀበለም። ፍራንክ እርግዝናውን መደበቂያ እንዳደረገው ፊት ለፊት ተናገረ። ሌሎቹ እኮ ምክንያቱን ሲሰሙ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው ነው ያለፉት። ጆን ይሉኝታ ስለሌለው ጠየቀ። እኛስ ጋ ይሉኝታ ስንት ጥያቄ ያስቀራል?

ጸሐፊው የጆንን ወላጆች፣ አሮጌዎቹን ባልና ሚስት፣ «ችለው የኖሩ» ብለው በምሳሌነት ያቀርቧቸዋል። ፊልሙን እስከ መጨረሻ አላዩት ይሆን? በመዝጊያው ላይ ወይዘሮ ጊቪንግስ ስለ ሟቿና ስለ ባሏ እያጣጣለች ታወራለች። ከኤፕሪል ሞት በፊት ስታሞግሳቸው የነበረችው ያቺው ሴትዮ ናት። ባልየው ዝም ብሎ ያያታል። ከዚያ የመስሚያ መሣሪያውን ድምፅ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እሱ አይሰማም። እንዲህ አድርጎ ነው የቻለው። ለምሳሌነት የቀረበው ትዳር ይህ ነው።

አዲስ ተጋቢዎች አይዩት የሚለውን ምክር በዚሁ ምክንያት አልቀበልም። ጸሐፊው ፍቺ ያስተምራል ብለው ፈርተዋል። ፊልሙ ውስጥ ግን ፍቺ የለም። የሚፋቱ ቢሆኑ ኖሮ ኤፕሪል በሕይወት ትኖር ይሆናል። እጮኛሞች አብረው ቢያዩትና ሲያልቅ «አንተ ብትሆን ትነግረኝ ነበር?» ብትለው የሚከፋ ነገር አይታየኝም። ለሠርግ ድንኳንና ለቬሎ ከሚባክነው ወሬ አንዱን ምሽት ለዚህ ቢሰጡት ምን ይጎዳቸዋል?

ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት አንድ ነጥብ አለ፣ እሱን ሳልናገር ብቀር ፍትሐዊ አልሆንም። ልጆቹ የሉም ብለዋል፤ ልክ ናቸው። የዊለር ልጆች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ በፊልሙ ውስጥ እንደ ቤት ዕቃ ናቸው። ወላጆቻቸው ሲጮኹ የት እንደነበሩ፣ ምን እንደሰሙ አናውቅም። ኤፕሪል በሞተችበት ቀን ጎረቤት ቤት ናቸው። መጨረሻ ላይ ፍራንክ ከተማ ገብቶ፣ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጫወቱ ያያቸዋል፤ ያኔም ፊታቸውን በቅጡ አያሳየንም። ሳም ሜንዴስ ያን ያህል ወጥ ቤት፣ ያን ያህል መኪና፣ ያን ያህል መስኮት ካሳየን ለሁለቱ ልጆች አንድ ሙሉ ትዕይንት መስጠት ነበረበት። ይህን ያነሳ ሌላ ሰው አላየሁም፤ ጸሐፊው ስላነሱት አመሰግናቸዋለሁ።